ካርታ ስንጠብቅ፤ አሥራ አራት ወር በደብረ ብርሃን መንገድ

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከጥቅምት 2010 እስከ ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ድረስ ይህን መንገድ ሃያ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሃያ ሦስት ጊዜም ተመልሻለሁ። ላምበረት መናኸሪያ ያሉት ረዳቶች ሳይቀሩ ፊቴን ለምደው «ነጋዴ ነሽ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። «የለም፣ ቤት ገዝተን ነው» ስላቸው ይገርማቸዋል። ቤት ከተገዛ በኋላ ምን የሚያመላልስ ነገር አለ? መልሱ አንዲት ወረቀት ናት፤ ካርታ።

ቤቱ የተገዛው ለእናቴ ነው። ያኔ ሰማንያ ዓመት ደፍናለች። የጉልበቷን ዘመን የጨረሰችው በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሱፍና ከክር ጋር ነው። ሦስታችንን ያሳደገችን ደግሞ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ አከራያችን ቀሩና ኪራዩ ለቀበሌ ሆነ እንጂ ቤታችን ያው ቤት ነበር። አባታችን ሲያርፍ እናቴ ቁልፉን ለቀበሌ መልሳ እኔ ዘንድ አዲስ አበባ መጣች። እኔም ተከራይ ነኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አራት ቤት ቀያየርን። አራተኛው ቤት የገባን ቀን፣ ዕቃው ገና ሳይፈታ፣ አንዱ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ «እንግዲህ በስሜ ቤት ኖሮኝ ሳላውቅ ልሞት ነው» አለች። ለማማረር አልነበረም፤ እንዲሁ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። እኛን ልጆቿን ግን እንቅልፍ ነሳን።

ያለንን አዋጣን፤ ወንድሜ ዕቁቡን ጨመረ፣ እህቴ ወርቋን ሸጠች። የአዲስ አበባው ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ደብረ ብርሃን ላይ ግን፣ ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ክፍልና ማዕድ ቤት ያለው፣ ግቢው ውስጥ አንድ የጽድ ዛፍ የቆመበት የጭቃ ቤት አገኘን። ባለቤቶቹ አራት እህትማማቾችና ወንድማማቾች ናቸው። ታላቅየው እዚያው ከተማ ልብስ ሰፊ ነው። ሽማግሌዎች ባሉበት ቀብድ ሰጠን፤ ተመራረቅን። እናቴ ከአዲስ አበባ ሆና ጓዟን መሸከፍ ጀመረች።

በማግስቱ ከታላቅየው ጋር ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። መዝገቡን የከፈተችልን ወጣት ቀና ብላ አየችንና «ሻጩ እርስዎ ነዎት?» አለችው።

«አዎ፣ እኔና እህት ወንድሞቼ።»

«ካርታው ግን በአባታችሁ ስም ነው።»

«አባታችን ካረፉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። እናታችንም ቀድመዋቸዋል።»

ልጅቱ መዝገቡን ቀስ ብላ ዘጋችው። «እንግዲያው ጋሼ፣ የሞተ ሰው አይሸጥም» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆች የወላጆቻቸውን ቤት ለመሸጥ መጀመሪያ ወራሽ መሆናቸውን በፍርድ ቤት ማረጋገጥ አለባቸው። ከዚያ ሁሉም ወራሾች በአካል ቀርበው፣ ወይም በውክልና፣ በሽያጩ መስማማት አለባቸው። ያገባ ወራሽ የጋብቻ ማስረጃ፣ ያላገባ ያላገባ ለመሆኑ ማስረጃ ያመጣል። የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ውዝፍ ካለ ይከፈላል። ቤቱ ባንክ ያስያዘው ወይም ፍርድ ቤት ያገደው አለመሆኑ ይጣራል። ቦታው ይለካል። የሽያጭ ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ይፈረማል። የስም ማዛወሪያውና የቴምብር ቀረጡ ይከፈላል። ካርታው የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ልጅቱ ይህን ሁሉ በእጇ ጽፋ ሰጠችኝ። ያቺን ወረቀት አሥራ አራት ወር በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ፤ አንዱ ባለቀ ቁጥር መስመር እያሰመርኩበት።

ስንወጣ ታላቅየውን «ለምን እስከ ዛሬ ስሙን አላዛወራችሁም?» አልኩት። ገርሞት አየኝ። «እህቴ፣ ማን ጠይቆን? የአባታችን ቤት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰፈር የሚያውቀውን ነገር ማን በወረቀት ያጽፋል? ሕጉ ግን በሰፈር አያምንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ባለቤትነት በውል የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው ይላል። ገንዘብ ብትከፍልም፣ ሽማግሌ ቢመሰክርም፣ ቁልፍ ብትቀበልም፣ ስምህ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ቤቱ ያንተ ሆኗል ብለህ አትተኛም።

ምልልሱ በዚህ ተጀመረ። ነርስ ስለሆንኩ የምሄደው የሌሊት ተረኛ ባደርኩ ማግስት ነበር። ለገጣፎን ሳልፍ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ሰንዳፋና አለልቱ በሕልሜ ያልፋሉ። የምነቃው ሸኖ ላይ፣ ቅቤ የሚሸጡ ሴቶች የመኪናውን መስኮት ሲያንኳኩ ነው። የሸኖ ለጋ ቅቤ በስሙ የታወቀ ነው፤ ለቤት የሚሆን ሳልገዛ የተመለስኩበት ቀን ትንሽ ነው። ከሸኖ በኋላ አገሩ ይገለጣል። ዛፉ ይሳሳል፣ ሜዳው ይሰፋል፣ የገብስ ክምሩ እዚህም እዚያም ይታያል፣ ብርዱም በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ጫጫን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ደብረ ብርሃን ናት።

ከተማዋን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደመሠረቷት፣ ስሟም ከሰማይ ከታየ ብርሃን እንደመጣ ልጅ ሆነን ተምረናል። እኔ ለትምህርት ከተማዋን ስለቅ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ የማውቃት በዓመት በዓል ነው፤ ማታ ገብቼ በነጋታው የምወጣባት። ጉዳይ አስፈጻሚ ስሆን ግን አየኋት። ጉዳይ የያዘ ሰው ጊዜ አለው። «ከሰዓት ተመለሺ» ሲባል የሚሄድበት የለውም፤ ይዞራል።

መጀመሪያ የተማርኩት ፀሐይ መሞቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይጋገራል። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሰው ሁሉ የሚቆመው ፀሐይ በሚመታው የመንገዱ ጎን ነው። ጋቢ የለበሱ አዛውንት፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ፈረሱን ያቆመ ባለ ጋሪ፣ ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔም ፋይሌን አቅፌ መካከላቸው እቆማለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የቆሙ አባት «ልጄ፣ ምን ይዘሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳቁና «እኔም የአባቴ ቤት ውስጥ ነው የምኖር። ስሙ ያው የአባቴ ነው» አሉ። ቀጥሎ የቆሙትም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያች ግድግዳ ሥር በሙታን ስም የተመዘገቡ ስንት ቤቶች እንዳሉ እግዚአብሔር ይወቀው።

ቅዳሜ የመጣሁ እንደሆነ ገበያ እወጣለሁ። ከመንዝ የመጣ ባና፣ የበግ ቆዳ፣ ገብስና ባቄላ ይሸጣል፤ አረቄውም በየጠርሙሱ ተደርድሯል። ለእናቴ በሶ ይዤላት እመለሳለሁ። እሷ ግን በሶውን ሳታይ «ቤቱ ጋ ሄድሽ? ጽዱ አለ?» ነው የምትለኝ። «አለ» እላታለሁ። ሌላ የምነግራት አልነበረኝም።

የወራሽነት ማስረጃው የካቲት ላይ ወጣ። ሦስቱ ወራሾች አገር ውስጥ ስለነበሩ ጣጣ አልነበራቸውም። አራተኛዋ፣ ታናሽቱ፣ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ውክልና ለመስጠት ቆንስላ መቅረብ አለባት፤ ቆንስላ ለመቅረብ አሠሪዋ ሊፈቅዱላት፣ ፓስፖርቷንም ሊሰጧት ይገባል። ፓስፖርቷ እሳቸው እጅ ነው። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ስልክ ደወለችልኝ። ሥራ ጨርሳ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ ሆና በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ እኔ ነኝ ያስቆምኳችሁ» አለች።

«ምን ታደርጊ» አልኳት።

ዝም ብላ ቆየችና «ያ የጣሪያው ቆርቆሮ የኔ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ደሞዜ ነው ያስመታሁት። ስመለስ የምገባበት መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ አለቀሰች። የምላት ጠፋኝ። እኛ እናታችንን ቤት ልናስገባ ስንሮጥ፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ከዚያው ቤት እየወጣች ነበር። ከድርሻዋ በተጨማሪ የቆርቆሮው ነገር እንዲታሰብላት ለታላቅየው ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ «አስቤዋለሁ» አለኝ፤ በኋላ ገንዘቡ ሲከፋፈል አድርጎታል።

ሰኔ ላይ እናቴ ታመመች። የሳንባ ምች ነበር፤ አሥር ቀን ሆስፒታል ተኛች። ነርስነቴን ረስቼ እንደማንኛዋም ልጅ አልጋዋ ሥር ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ወንድሜ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝና «ይብቃን። በዚህ ደረቷ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ልንከታት ነው? ደግሞ ቀብድ ተቀብለው ውሉን ያልፈጸሙት እነሱ ናቸው፤ ሕጉ እጥፍ መልሱ ይላቸዋል። ጠበቃ አነጋግሬያለሁ» አለኝ።

ወንድሜ አልተሳሳተም። ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ ነው። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ልቤ ወደዚያው አዘነበለ። ለእናቴ ስንነግራት ግን የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫዋ ገለል አድርጋ፣ «ከነዚያ ልጆች ላይ እጥፍ ወስዳችሁ በምን ሆዳችሁ ትበሉታላችሁ? ጥፋቱ የነሱ ነው? የአባታቸው ነው። አባታቸው ደግሞ ሞቷል። ጠብቁ» አለች። ቱቦውን መልሳ አደረገች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

በዚያው ሰሞን ለታላቅየው ከኛ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው መጥቶበት ነበር። ከተማዋ ውስጥ ፋብሪካ እየተተከለ የቤት ዋጋ ሽቅብ እየወጣ ነው። ይህን የሰማሁት ከሱ ሳይሆን ከጎረቤት ነው። ስጠይቀው የልብስ ስፌት መኪናውን ሳያቆም «እናንተ ስትጠብቁን እኔ ልሮጥ?» ብቻ አለኝ።

የውክልናው ሰነድ ሐምሌ ላይ መጣ። ቆንስላው ያተመበትን ሰነድ አዲስ አበባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋገጠው፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ተመዘገበ። የሽያጭ ውሉን ደብረ ብርሃን ላይ የፈረምነው በክረምቱ መካከል ነው፤ ጭጋጉ የፊት ለፊቱን መኪና እንኳ አያሳይም ነበር። ያን ቀን የመሰለኝ የጨረስን ነበር፤ ገና ግን ነበርን። የአሥራ አንድ ዓመት ግብር ውዝፍ ከነቅጣቱ ተሰላ። ቀጥሎ ልኬት መጣ። ካርታው ላይ ያለው ስፋት 200 ካሬ ነው፤ ባለሙያዎቹ ሲለኩት 187 ሆነ። የጎደለው 13 ካሬ የት ሄደ? በምሥራቅ በኩል ያለው አጥር ገብቷል ማለት ነው።

ጎረቤት ያሉት እማማ ተጠሩ። ዱላቸውን ይዘው መጡና የጽዱ ዛፍ ሥር ቆሙ። «አጥሩን ያጠረው ባሌ ነው። ሟች እያዩ፣ ሁለቱ ተስማምተው፣ እዚህ ቁጭ ብለው ጠላ እየጠጡ ነው የተሠራው። አሁን ሁለቱም የሉም፤ እኔ እንደሰማሁ እናገራለሁ» አሉ። አጥሩ ይፍረስ ማለት እንችል ነበር። ስልክ ደውዬ እናቴን ጠየቅኋት። «ከጎረቤት ተጣልቼ 13 ካሬ ምን ይሠራልኛል? ባለበት ይለካ» አለች። በ187 ተፈራርመን ካርታው በዚያው ልክ እንዲሠራ ተወሰነ። ለማንኛችሁም የምመክረው ግን ይህን ነው፤ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ቦታውን ከካርታው ጋር አስለኩ። እኛ ያደረግነው በአሥራ አንደኛው ወር ነው።

በዚህ መካከል አንድ ቀጠሮዬን በአንድ ቀን አሳስቼ ቀድሜ ደረስኩ። አዲስ አበባ ተመልሶ በነጋታው መምጣት ታከተኝና አንኮበር የሚሄድ መኪና ውስጥ ገባሁ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከደጋው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ምድር ከእግር ሥር ያልቃል፤ ገደል፣ ከገደሉ በታች ገደል፣ ከዚያ ወዲያ በጭጋግ የተሸፈነው የአፋር ቆላ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ሳይወጡ በፊት የተቀመጡባት ናት። ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ዛሬ ሎጅ ተሠርቷል። የቀድሞው ግንብ ቅሪት አጠገብ ቁጭ ብዬ የያዝኩትን ቆሎ ቆረጠምኩ። የንጉሥ ቤት እንኳ ባለቤቱ ሲሄድ ሌላ ባለቤት ያገኛል። ቤት ለማንም ዘላለም አይደለም፤ የሚቀረው ጥያቄ ሰው ቤቱን ለተከታዩ እንዴት አስረክቦ ሄደ የሚለው ነው። ታላቅየውና እህቶቹ የወረሱት ቤት ብቻ አልነበረም፤ አባታቸው ሳይጨርሱት የተዉትን ሥራም ጭምር ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ቀረ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ መሠረት፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ይገባል። ልጆቹ በውርስ ሲያገኙት ነባር ይዞታ ሆኖ ይቀጥላል፤ እኛ በግዢ ስናገኘው ግን የሊዝ ውል ፈርመን በየዓመቱ የምንከፍለው ይኖራል። ይህን ቀድሜ ባውቅ በሒሳቤ ውስጥ አስገባው ነበር። ያቺ መዝገብ የከፈተችልን ወጣት ሁሉን በትዕግሥት አስረዳችኝ። ከዚያ ብዕሯን አንስታ «በማን ስም ይውጣ?» አለች።

«በእናቴ።»

ልጅቱ ዕድሜዋን ከመታወቂያው አየችና ትንሽ አመነታች። «እሜቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናትሽ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በአንቺ ስም ቢወጣ ነገ ድካም ይቀንሳል» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ከሷ በላይ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ግን «በስሜ ቤት ኖሮኝ ሳላውቅ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። «በሷ ስም» አልኩ።

ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም.፣ እናቴን ይዘን ሦስታችንም ሄድን። ወጣቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት» ብላ ካርታውን በሁለት እጇ ሰጠቻት። እናቴ ስሟን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ነበረች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁላችንም እንድታለቅስ ስንጠብቅ እሷ ካርታውን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችና «አሁን ውልና ማስረጃ የሚባለው የት ነው?» አለች።

«ለምን እማዬ?»

«ኑዛዜ ልናገር።»

ወንድሜ ደነገጠ። «ዛሬ? ገና ቤቱን ሳታዪው?»

«ዛሬ። አሥራ አራት ወር ይህችን ልጅ ስታመላልሷት ያየሁት እኔ ነኝ። ስሞት ደግሞ ሌላውን ሰው ልታመላልሱት ነው?» አለችን።

ያን ቀን አልሆነም፤ በሳምንቱ ሆነ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎ መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። እናቴ አራት ጎረቤቶች ጠራች። ከአራቱ አንዷ አጥራቸው የገባው እማማ ነበሩ።

ዛሬ እናቴ ጠዋት ጠዋት በራሷ በር ላይ፣ ፀሐይ በሚመታበት በኩል ቁጭ ትላለች። ደረቷን የፈራነው ብርድ አልጎዳትም፤ ፋብሪካው የለመደላትን ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ትተኛለች። የካርታውን ኮፒና የኑዛዜውን ኮፒ ለሦስታችንም ሰጥታናለች፤ ዋናው ያለው የት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። በቀደም ስጠይቃት ሄጄ አንድ አዛውንት ከጎኗ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘሁ። ያ የግድግዳው ሥር ሰውዬ ናቸው፤ በአባታቸው ስም የተመዘገበ ቤት ውስጥ የሚኖሩት። እናቴ መዝገብ የከፈተችልን ልጅ የጻፈችውን ያቺን የተሰመረባት ወረቀት ከኔ ተቀብላ አስቀምጣት ኖሮ፣ ለሳቸው እያሳየቻቸው ነበር።

«መጀመሪያ ፍርድ ቤት ነው የሚሄዱት» አለቻቸው። «ሰኞ ይሂዱ፤ ነገ ነገ አይበሉ።»